በር አላልፍ ያለው ዱባ

ዱባችን በበር አላልፍ ማለቱን ለዘመድ ለጎረቤት፣ ለሩቅም ለቅርብም ሳሳውቅ ታላቅ ክብር ይሰማኛል። ይህ በቤታችን ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ክስተት የደረሰው የፊት ጥርሴ ወልቆ ሌላው ገና ሳይበቅል ነበር። አባዬ ዱባውን ከማሳ በእጅ ጋሪ እየገፋ አመጣው። ጓዳ ሊያስገቡት ከጎረቤታችን ከቆርቆሮ ሠሪው ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ቢያነሱት፣ በጎኑ ቢያዞሩት፣ በቂጡ ቢሞክሩት፣ ወይ ፍንክች። እማዬ ከውስጥ ሆና፣ ዱባውን እንዳይቆርጡት፣ ካስፈለገ በሩን እንዲነቅሉት አዘዘች። ሰው ሳቀ። ዱባው በረንዳ ላይ ቀረ፤ አሮጌ ጆንያ ተነጥፎለት፣ እንደ ትልቅ ሰው እየተጎበኘ።

አስጎብኚዋ እኔ ነበርኩ። «በእጅ መንካት ክልክል ነው» እያልኩ፣ ለቅርብ ወዳጆቼ ብቻ አስነካለሁ።

የእኛ አካባቢ መሬት አሸዋ ነው። ውሃ ብትሰጡት እንኳን ሊያመሰግን፣ የት እንዳደረሰውም አይናገር። ስለዚህ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ማሳውን «ያለብሰዋል»፤ ከወንዙ ዳር ደለል በጋሪ አግዞ አሸዋው ላይ ይዘረጋል። «ማሳህን አለበስክ ወይ?» ማለት ከ«ደህና አደርክ» ቀጥሎ የሚመጣ ሰላምታ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ወንዙ ደለል ነፈገ። ከላይ በኩል መዳብ የሚያወጡት ሰዎች ውሃውን ለራሳቸው ገድበውት ነበር። አባዬ ታዲያ ማንም ያላሰበውን አሰበ። የማዕድኑ እጣቢ የሚጠራቀምበት ኩሬ ከማሳችን ጀርባ ነው። ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን የሚተወው ጭቃ ግራጫ፣ እንደ ዱቄት የላመ፣ ምንም ሽታ የሌለው ነው። አባዬ ጋሪውን ወደዚያ አዞረ። ጎረቤት አይቶ ሳቀበት። ማሳውን ሲሚንቶ ሊያለብሰው ነው፣ ፎቅ ሊዘራ ነው ተባለ። እሱም አብሯቸው ሳቀና መግፋቱን ቀጠለ።

ዱባው በረንዳችን ላይ ሲቀመጥ ሳቁ ቆመ። ቆርቆሮ ሠሪው ዱባውን እየዞረ በጣቱ አንኳኳውና፣ በሚቀጥለው ዝናብ እሱም ጋሪውን ወደ ኩሬው እንደሚያዞር በአደባባይ ተናገረ። ሌሎችም «እኛም» አሉ። አባዬ ደረቱ ሰፋ። አባቴን ደረቱ ሰፍቶ ያየሁት ያኔ ነው፤ ብዙም አልቆየም።

አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ማዕድኑ ውስጥ መለኪያ ክፍል ይሠራ ነበር። ምን እንደሚለካ ጠይቄው «ትዕግሥቴን» ብሎኛል። አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ዘንቢል ይዞ መጣ። ከላይ ጎመን፣ ከጎመኑ ሥር ፎጣ፣ ከፎጣው ሥር የብረት ሳጥን። ማሳው ውስጥ ከአባዬ ጋር ሲገቡ ተከተልኳቸው። አጎቴ ሳጥኑን ከቆርቆሮ ሠሪው አጥር አጠገብ ዝቅ ሲያደርገው፣ ጢቅ... አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጢቅ። ሰነፍ ሰዓት ይመስላል። ወደ እኛ መደብ፣ ግራጫው ጭቃ ወደለበሰው ሲያመጣው ግን ሳጥኑ አበደ። እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ።

ነገሩ ገባኝ። ሳጥኑ እያጨበጨበልን ነው።

ዘልዬ አጥሩ ላይ ወጣሁና ለቆርቆሮ ሠሪው ልጆች አንደኛ መውጣታችንን ላበሥር አፌን ከፈትኩ። «አን—» እንዳልኩ የአባዬ መዳፍ አፌ ላይ አረፈ። መዳፉ እርጥብ ነበር፤ የዝናብና የአካፋ እጀታ ጠረን አለው። ቀና ብዬ ሳየው የሚያየኝ እኔን ሳይሆን ሳጥኑን ነው። አጎቴ አፈር በመሀረቡ ቋጠረ፤ አንድ ካሮት ነቅሎ አፈሩን ሳያራግፍ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

የዚያን ሳጥን ስም ዛሬ አውቀዋለሁ። ጭብጨባ መስሎ የሰማሁት የጨረር ቆጠራ ነበር። ምድር ውስጥ መዳቡ ጎን ተኝተው የኖሩ፣ ማንም ያልጠራቸው ነገሮች መዳቡ ሲወጣ አብረው ይወጣሉ። ባለቤቶቹ መዳቡን ወስደው እነሱን ከእጣቢው ጋር ይደፏቸዋል። ሳጥኑ የሚያጨበጭበው ለአንዳንዶቹ ብቻ ነው። እርሳስና ካድሚየም የሚባሉት መርዘኛ ብረቶች ድምፅ የላቸውም፤ የተቋጠረው አፈርና ካሮቱ እነሱን ለማስመርመር ነበር።

አጎቴ ከቀናት በኋላ ሲመለስ ዘንቢሉ ባዶ ነበር። ከአባዬና ከእማዬ ጋር ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ቤታችን ውስጥ በር የሚዘጋው ወይ ሰው ሲሞት ወይ ስጦታ ሲደበቅ ነው። ማንም ስላልሞተ ስጦታውን ለማወቅ ጆሮዬን ስንጥቁ ላይ ለጠፍኩ።

«ለልጆች አይሆንም» ይላል አጎቴ። «አጥንታቸው ገና እየተሠራ ነው። ባገኘው ነው የሚሠራው፤ አሸዋ ይሁን እርሳስ አይመርጥም።»

እማዬ ምን ያህል ቀን ካሮቱን እንደበላን ማስላት ጀመረች፤ ድምጿ መሀል ላይ ጠፋ። አጎቴ ጥቂት ነው፣ ጥቂት ነው አላት፤ ሁለት ጊዜ ስላለው እኔ እንኳ አላመንኩትም። ከዚያ ሳጥኑን ያለፈቃድ ማውጣቱ ከታወቀ መባረር ብቻ ሳይሆን እንደሚታሰር ተናገረ። አለቆቹ በዚያው ሳምንት ለጋዜጠኛ፣ የኩሬውን ጭቃ ለፊት ቅባት ቢሸጡት እንደሚያዋጣ ሲቀልዱ ሰምቷቸዋል።

«ለትልቅ ሰውስ?» አለ አባዬ።

«ለትልቅ ሰውም አይሆንም፣ ጋሼ። ይዘገያል እንጂ።»

ከዚያ አባዬ፣ «ይዘገያል ነው ያልከኝ?» ሲል ሰማሁ። እማዬ ምን እያሰበ እንደሆነ ጠየቀችው። መልስ ሳይሰጣት በሩን ሲከፍት እኔ ከነጆሮዬ ወደቅሁ።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። አፈራችን ከመጠን በላይ ስለበረታ የሚያበቅለው ምግብ ለሕፃን ይከብዳል፤ ለአዋቂ እንኳ ኃይሉ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ጎረቤት እንዳይቀዳን ደግሞ ምስጢር ነው። ትንሽ ቅር አለኝ። አጥንቴ ጠንካራ መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤታችን ሁለት ድስት ሆነ።

ትልቁ ድስት የእማዬ፣ የእኔና የታናሽ ወንድሜ የድቡልቡሌ ነው። ድቡልቡሌ አራት ጥርስና የማይሞላ ሆድ ነበረው። እዚህ ድስት ውስጥ የሚገባው አጎቴ በየገበያው ቀን ከላይኛው መንደር በጆንያ የሚያመጣልን ነው፤ የተጨማደደ ካሮት፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ጎመን፣ የበቀለ ድንች። ትንሹ ጥቁር ድስት የአባዬ ነው። እዚያ የሚገባው የማሳችን ነው። ጎመኑ ብርድ ልብስ ያህላል፤ ካሮቱ ክንድ ያህላል። ከሁሉም በላይ ዱባው። አባዬ በረንዳ ወጥቶ ከዚያ ወርቅ በሚመስል ገላ ላይ በቢላ አንድ ቁራጭ ያነሳና ድስቱ ውስጥ ይከተዋል። ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አዙሮ ይበላል። ማንኪያው የራሱ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ድስቱን የሚያጥበው ራሱ፣ ውጭ፣ ራቅ ብሎ ነው። ያ ሰው እስከዚያ ቀን ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። እኛ እንዳንልሰው ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቀን አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። አልለመንኩም፤ ቆምኩ ብቻ።

«ሂጂ» አለኝ ሳይዞር።

«አባዬ፣ ትንሽ ብቻ—»

«ሂጂ አልኩሽ።»

ሄድኩ። ለድቡልቡሌም አባታችን ሆዳም መሆኑን በጆሮው ነገርኩት። ሳቀ፤ እሱ የሚነገረው ሁሉ ያስቀው ነበር።

አትክልት ሰብሳቢው መኪና መጥቶ አጥራችን ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ አባዬ ወጥቶ ማሳው ትል እንደገባበት ነገረው። ሾፌሩ ከአጥር በላይ ያንን ሁሉ ጎመን አይቶ፣ «ትሉ የት አለ? ተደብቆ ይሆናል» አለ። አባዬ ግን ትል ነው፣ ትል ነው እንዳለ መኪናው ሄደ። እኔ ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ገልጬ አውቀዋለሁ፤ አንድ ትል አልነበረም። ሆዳም ብቻ ሳይሆን ውሸታምም ነው።

ከዚያ ዝናቡ ቀረበ። ጎረቤቶቹ በቃላቸው መሠረት ጋሪና አካፋቸውን ይዘው መጡ። ወደ ኩሬው የሚወስደው መንገድ በእኛ ማሳ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ከዚያ ሌላ መንገድ የለም። ሲደርሱ መንገዱ በእሾህ ታጥሯል። አባዬ እሾኹ ፊት ቆሟል። በእጁ ምንም አልያዘም።

ቆርቆሮ ሠሪው መጀመሪያ ቀልድ መሰለውና፣ እሾህ ማልበስ ደግሞ መቼ ተጀመረ ብሎ ሳቀ። ማንም አልተከተለውም። አባዬ ማንንም እንደማያሳልፍ ተናገረ። ምክንያቱን ጠየቁት። አላሳልፍም አለ። ለዘመናት ሰው የሄደበት መንገድ መሆኑን አስታወሱት። ያውቃል፤ አላሳልፍም አለ።

«ብቻህን ልታድግ ነዋ» አለ ቆርቆሮ ሠሪው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ተንጠፍጥፎ አልቋል።

«አዎ።»

«እኛ አሸዋ እየዘራን።»

«አዎ አልኩህ።»

ቆርቆሮ ሠሪው አካፋውን ከጋሪው ላይ አነሳ። ለመቆፈር እንዳልሆነ አያያዙ ይናገራል። የአባዬ ማጅራት ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ፤ እጆቹ ግን ከጎኑ አልተነሱም። እማዬ ድቡልቡሌን ታቅፋ ከቤት ወጣችና መጥታ ከአባዬ ጎን ቆመች። ድቡልቡሌ አካፋውን አይቶ ሳቀ። ቆርቆሮ ሠሪው ሕፃኑን አየ፤ አካፋውን ጋሪው ውስጥ ወረወረና ጋሪውን አዞረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሲሄዱ አንዱ ምራቁን የእኛ በር ላይ ተፋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባዬ ስም «ብቻዬን» ሆነ። ሕፃን ሳይቀር «ብቻዬን መጣ፣ ብቻዬን ሄደ» ይል ጀመር። እኔ ደግሞ የብቻዬን ልጅ ተባልኩ። ስሙን ካወጡለት ጋር አልተጣላሁም። ስሙ ልክ ነበር።

በዚህ መሀል አክስቴ መጣች።

አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ ከተማ ትኖራለች፤ ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሁሉም ጡሩምባ ይላታል። ለአክስቴ ጡሩምባ ምስጢር መንገር በገበያ መሀል ቆሞ እንደ መጮህ ነው፤ ልዩነቱ መጮኹ ትንሽ ስህተት ሳይጨምር መድረሱ ነው። ገብታ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወንድሟን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከጥቁሩ ድስት ሲበላ አየችው። ትልቁን ድስት ከፈተች፤ የተጨማደደውን ካሮት አየች። እኔን አየችኝ። እኔም እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ሆኜ አየኋት፤ ለዚህ ቀን ስለማመድ ነው የከረምኩት።

የሚገርመው ያን ቀን ምንም አልተናገረችም። ጡሩምባ ዝም ስትል ሰው መሸሽ ነበረበት። ማንም አልሸሸም።

በማግስቱ አባዬ እሾኹን ሊያጠብቅ ወጣ። እማዬ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። አክስቴ እጅጌዋን ሰብስባ ጥቁሩን ድስት ከእሳቱ አነሳችው።

«ኑ የኔ ጌቶች» አለች። «እኔ እያለሁ የወንድሜ ልጆች ለዱባ አይናቸው አይንከራተትም።»

ክዳኑን ስትከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን ነካኝ። ዱባው ቀልጦ፣ ለስልሶ፣ ጠርዝ ጠርዙ በስኳሩ ጠቁሯል። ለእኔ በሳህን ሞልታ ሰጠችኝ። ድቡልቡሌን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በአባዬ ማንኪያ ጨለፈችና እፍ፣ እፍ እያለች አበረደችው። ድቡልቡሌ አፉን እንደ ጫጩት ከፍቶ ጠበቀ። ማንኪያው ገባ። እኔም ጎረስኩ።

በሩ ተበረገደ።

አባቴ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ማንኪያው ከአክስቴ እጅ ወጥቶ ግድግዳውን መታ። ድቡልቡሌን ከጭኗ ነጠቀውና በሆዱ ክንዱ ላይ ደፋው፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። ድቡልቡሌ ትን ብሎት ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ዓለም የጠላችው ያህል ጮኸ። አባዬ ወደ እኔ ዞረ።

«ትፊው።»

ተፋሁት። ጣፋጭ ነበር፤ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ሳህኔ ተገልብጦ ዱባው ወለሉ ላይ ተበትኗል። በተከፈተው በር ዶሮዎቻችን ግር ብለው ገቡ። አባዬ ልጁን በአንድ እጁ እንዳቀፈ ዶሮዎቹን በእግሩ አባረራቸው፤ አንዷ ቁራጭ ይዛ ልታመልጥ ስትል ጅራቷን ይዞ ከመንቁሯ ቀማት። ያን ዱባ የበላች ዶሮ እንቁላሏ እንደማይበላ አክስቴ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

«ለዶሮም ነፈገ» አለች አክስቴ፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያ ድምጿ መጣ። «የገዛ ልጆችህ ናቸው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«እናታችን ከአፏ አውጥታ ነው ያሳደገችህ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«እሺ በል ንገረኝ። ታመህ ነው? አብደህ ነው? ምን አግኝቶህ ነው?»

አባዬ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። የተበተነውን ዱባ አንድ በአንድ ለቅሞ ድስቱ ውስጥ መለሰ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው፤ ጨርቁን እሳት ውስጥ ጣለው። ከዚያ ድስቱን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ።

እማዬ ውሃውን ተሸክማ በር ላይ ቆማ ነበር። አክስቴ እሷን ጠየቀቻት። እማዬ የአጎቴን ጆንያ አየች፤ አባዬን አየች፤ ውሃውን አውርዳ ድቡልቡሌን አቀፈችው።

አክስቴ ሻንጣዋን አነሳች። ምክንያቱን እስኪነግራት ድረስ ይህን በር እንደማትረግጥ፣ ቢሞት ለቀብሩ ካልሆነ በቀር፣ ለቀብሩም ከውጭ ሆና እንደምታለቅስ ምላ ወጣች። አውቶቡሱ ከተማ እስኪደርስ ታሪኩን የማያውቅ ተሳፋሪ አልቀረም። እኔ ስትሄድ ከኋላዋ እያየሁ፣ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ እውነተኛ ሰው ነበር፣ እሱም ሄደ ብዬ አለቀስኩ።

አባዬ ያን ዱባ ጨረሰው። ጎመኑንም ካሮቱንም ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ማሳው ላይ ምንም ሳይዘራ ማዕድኑ ዘንድ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ እሾኹን ግን በየዓመቱ ያድስ ነበር።

ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሳጥን ይዘው በጠራራ ፀሐይ መጡ። ትልቅ ልጅ ሆኜ ነበር፤ ከከተማ ለዕረፍት መጥቻለሁ። ቆርቆሮ ሠሪው አጥሩን ተደግፎ ያያል። ሳጥኑ እሱ ማሳ ላይ ጢቅ... አለ፤ ሰነፍ ሰዓት። እኛ ማሳ ላይ አበደ። ሰዎቹ የአባዬን እሾህ አንስተው በቦታው ሽቦና የራስ ቅል ምስል ተከሉ። ቆርቆሮ ሠሪው ምስሉን ብዙ አየው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ቤታችን ዞረ፤ ሊመጣ አንድ ሁለቴ ተራመደና ተመለሰ።

ያን ዕለት ነው አጎቴ የነገረኝ። ማዕድኑ ስለተዘጋ ማንም አያስረውም። ጆንያው ለሦስት አፍ ይበቃ ነበር፤ ለአራት አይበቃም። የማሳው አትክልት ካልተሸጠ ሌላ ምግብ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም። አጎቴ ከራሱ ልጆች ቀንሶ ሊያመጣ ቢል አባዬ፣ አንድ ካሮት ብትጨምር ጆንያውን አልቀበልህም አለው። ለእህቱ እንዲነግራት ቢለምነው፣ እሷ ካወቀች ሳምንት ሳይሞላ አንተ እስር ቤት ነህ አለ። «ስምህ ጠፋ እኮ ብለው» አለኝ አጎቴ፣ «ስም አጥንት የለውም አለኝ።»

ባለፈው ወር፣ ከስንት ዓመት ልመና በኋላ፣ አክስቴን በክንዴ ደግፌ አመጣኋት። ጡሩምባ አርጅታለች፤ ድምጿ ግን ጤነኛ ነው። አጎቴ የነገረኝን መንገድ ሙሉ ደጋግማ አስወራችኝ፤ በየመሀሉ «እኔ በእጄ እያበረድኩ!» እያለች። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ቆመች። መሐላዋን አልረሳችም።

አባዬ ከበሩ ወዲያ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ወገቡ ጎብጧል፤ ሐኪሙ ኩላሊቱን እያየ አጥንቱን፣ አጥንቱን እያየ ኩላሊቱን ይጠይቀዋል፤ እሱ ግን ትከሻውን ሰብቆ ያልፈዋል። ጭኑ ላይ ሳህን ይዟል። ከገበያ የተገዛ ዱባ ነው።

«አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች አክስቴ ከመቃኑ ወዲህ። «እህትህ አይደለሁም?»

«እህቴ ነሽ። ግቢ።»

«ሳትነግረኝ አልገባም። ያን ሁሉ ለምን ብቻህን በላኸው?»

አባዬ አንድ ማንኪያ ጎረሰ። አላምጦ ዋጠ።

«ዱባ እወዳለሁ።»

«አባዬ» አልኩት፣ «አጎቴ ሁሉን ነግሮናል።»

«ነገረሽ? እንግዲያው እሱን ጠይቂው።» ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እህቱ መቃኑን ይዛ ታለቅሳለች፤ አልገባችም፣ አልሄደችም። እሱ አያት አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወንበር አምጪላት፤ እዚያው ትቀመጥ» አለኝ። «እኔ የምናገረው የለኝም።»